ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት ወይስ አሥራ ሰባት ሰዓት? ከፍኖተ ሰላም ዋሽንግተን የሄዱ አንዲት እናት ጉዳይ

ባሕር ዳር ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከዋጋው ቀጥሎ ሰው የሚጠይቀኝ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ብዙዎቹ መልሱን ስልካቸው ላይ አይተውት ይመጣሉ። የሁለት ከተማ ስም ሲያስገቡላቸው ኪሎ ሜትሩንና የበረራ ሰዓቱን የሚያወጡ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። መንገደኛው ማወቅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚያመጣው ጣጣ ተቀባይ ኤርፖርት ላይ ቆሞ መጠበቁ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን መንገደኛዋ በሰዓት የሚወሰድ መርፌ ነበራቸው። ጉዳዩን የጻፍኩት በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ስም አልጠቅስም።

የጉዳዩ መነሻ

እናት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ስድሳዎቹን ጨርሷል። ልጃቸው ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች፤ ልትወልድ ስለነበር እናቷ እንዲያርሷት ትኬት ላከች። ቪዛው ተገኝቷል። ጉዞው ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። እናት ከዚያ በፊት አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ፊደል አልቆጠሩም፤ የእጅ ሰዓት ግን አሳምረው ያነባሉ። ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋሉ፤ ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት፣ ከምግብ ጋር። መርፌውን ራሳቸው ነው የሚወጉት።

ቢሮ ይዟቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ መምህር ነው። ትኬቱን በስልኩ ይዞታል። የመጡት የባሕር ዳሩን በረራ ሊጨምሩበት ነበር። ስንጨዋወት ልጅቷ ለእናቷ የሰጠቻትን መመሪያ ነገረኝ፦ «አዲስ አበባ ላይ ማታ 1 ሰዓት ብሉና ተወጉ። የሚቀጥለውን እኔ ቤት ትወጋላችሁ። በረራው 13 ሰዓት ነው።»

ሦስት የማይስማሙ ቁጥሮች

ልጅቷ 13 ሰዓትን ያገኘችው ከድረ ገጽ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ድረስ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው ይላል፤ ልክ ነው። የበረራ ጊዜውን ደግሞ ወደ 13 ሰዓት ያደርሰዋል።

መምህሩ በዚህ አልተስማማም። ትኬቱ መነሻው 22፡40፣ መድረሻው በማግስቱ 07፡40 ይላል። እሱ አንዱን ከአንዱ ቀንሶ 9 ሰዓት አገኘ። «እንዲያውም ቶሎ ይደርሳሉ» አለኝ።

እኔ ሲስተሙን ከፍቼ ጠቅላላ የጉዞ ጊዜውን አየሁ። 17 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሂሳቡን ቁጭ ብለን የሠራነው። 22፡40 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4፡40 ነው። ከዚያ 17 ሰዓት ስንቆጥር አውሮፕላኑ ዋሽንግተን የሚያርፈው በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከቀኑ 9፡40 ላይ ነው። ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ከኤርፖርት ቤት መንዳት አለ። ቤት ሲደርሱ ማታ 12፡30 ሊሆን ነው። በልጅቷ መመሪያ ከሄዱ በሁለቱ መርፌዎች መካከል 23 ሰዓት ተኩል ያልፋል ማለት ነው። የሚወጉት ግን በየ12 ሰዓቱ ነው። መምህሩ ይህን ሲያይ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ እንደገና ቆጠረው።

ልዩነቱ ከየት መጣ

የዘጠኙ ሰዓት ቀላል ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው። በክረምታቸው ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነች። በመጋቢት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ 7 ይሆንና እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ እንዲያ ይቆያል። 9 ላይ 8 ሲደመር 17 ይመጣል።

የአሥራ ሦስቱ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። 11,560 ኪሎ ሜትር በመሬት ሉል ላይ ከቦሌ እስከ ዳለስ ያለው አጭሩ መስመር ነው። ክር ብንወጥርበት በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በሜዲትራኒያን፣ በስፔን አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። ይህን ለአንድ ትልቅ ጄት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ድረ ገጹ የሠራው ይህን ነው። አውሮፕላኑ በዚያ መስመር ይሂድ አይሂድ አይጠይቅም።

የእሳቸው አውሮፕላን በዚያ መስመር አይሄድም ነበር። ቶጎ፣ ሎሜ ላይ ያርፋል። ከአዲስ አበባ ሎሜ ወደ 4,150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሎሜ ዋሽንግተን ደግሞ ወደ 8,600። ሲደመር 12,750 አካባቢ ይመጣል፤ ከቀጥታው መስመር በ1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጊዜው ሲከፋፈል እስከ ሎሜ 5 ሰዓት ተኩል፣ መሬት ላይ 1 ሰዓት ከሩብ፣ ከሎሜ በኋላ 10 ሰዓት ከሩብ ነበር።

ለምን በቀጥታ አይሄድም? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ እኔም መልሱን መናገር ደስ ይለኛል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ሞተሩም ክንፉም ሙሉ ጉልበት አያገኙም፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ይዞ ሊነሳ የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ሙሉ ሰውና ሙሉ ዕቃ ከጫነ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሙሉ መጫን ይቸግረዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ከፍታ ላይ ያለው ነፋስ ፊት ለፊት ይመጣበታል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ ይሞላል። ሎሜ ባሕር ዳርቻ ላይ ነች። ቀደም ባሉት ዓመታት በደብሊን፣ አየርላንድ በኩል የሚሄዱ በረራዎች ነበሩ። ማረፊያው ስለሚቀያየር ትኬቱ ላይ ማየት ነው።

ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ዳለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። በቀጥታ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ልጅቷ ያየችው ቁጥር ለመመለሻው ልክ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቦሌ

ቤተሰቡ መጀመሪያ በመኪና አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነበር ያሰበው። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደጀን ላይ ሲደርሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣሉ። መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሰላም የሌለበት ቀን ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። የጎጃም ሰው ይህን ስለሚያውቀው ማብራራት አያስፈልገኝም።

በአየር ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሰሜን 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ባሕር ዳር፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት መምጣት አለባቸው። ከዚያ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ከባሕር ዳር ቦሌ በአየር 335 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥታ መስመሩ በጮቄ ተራራ ላይ ያልፋል። ከጮቄ ፍኖተ ሰላም ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። አገራቸውን በመስኮት ሊያዩ ነው እንግዲህ።

ድረ ገጾቹ ለዚህ በረራ ግማሽ ሰዓት ወይም 40 ደቂቃ ይላሉ። ትኬቱ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይላል። ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት አንስቶ ቦሌ ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። መንደርደሪያው ድረስ መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ መውጣቱ፣ መውረዱ ሁሉ ውስጡ አለ። አጭር በረራ ላይ ይህ ከመንገዱ እኩል ጊዜ ሊወስድ ምንም አይቀረው።

ከቤት እስከ ቦሌ ሲደመር ታዲያ አውሮፕላኑ የሚያተርፈው ብዙ አይደለም። የባሕር ዳሩ መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለ፤ በረራው አንድ ሰዓት ነው፤ ሻንጣው አለ። አየሩን የመረጥነው በሌላ ምክንያት ነው። የባሕር ዳሩ በረራና የዋሽንግተኑ በረራ በአንድ ትኬት ከተያዙ ሻንጣው ባሕር ዳር ተሰጥቶ ዋሽንግተን ይወጣል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣቸው ደግሞ በሚቀጥለው ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። በመኪና ሄደው መንገድ ቢዘጋባቸው ግን ትኬቱ ይቃጠላል። ለብቻቸው የሚጓዙ፣ ቋንቋ የማይችሉ እናት ይህን ዋስትና ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ የዋሽንግተኑን ትኬት ወደቆረጠው ቢሮ ደውለን በዚያው ትኬት ላይ እንዲጨመር አስደረግን። የዋጋ ልዩነት ነበረው፤ ልጅቷ ከፈለች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ሐኪም ዘንድ መላክ ነው። መርፌ መቼና ምን ያህል እንደሚወጋ እኔም መምህሩም ልንወስን አንችልም። መምህሩ በረራው የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን ሰዓት፣ ምግብ ይመጣበታል ተብሎ የሚጠበቀውን ጊዜ ሁሉ በኢትዮጵያ ሰዓት አድርጎ በወረቀት ይዞላቸው ሄደ። የሚከታተሏቸው ሐኪም ያንን አይተው መንገዱን በሙሉ በአገር ቤት ሰዓት እንዲጓዙ ወሰኑ። ማታ 1 ሰዓት ቦሌ ላይ፣ ጠዋት 1 ሰዓት አየር ላይ፣ ማታ 1 ሰዓት ልጃቸው ቤት። ወደ አሜሪካ ሰዓት የሚዞሩት እዚያ ያለው ሐኪም ሲያያቸው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ደብዳቤም ሰጧቸው፤ መርፌና መድኃኒት ይዞ ፍተሻ ለማለፍ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የእጅ ሰዓታቸው ነበር። «እማማ፣ ይህን ሰዓት ልጅዎ ቤት እስኪደርሱ ማንም እንዳይነካው» አልናቸው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ትንሹ ቀስት 1 ላይ በመጣ ቁጥር ይወጋሉ፣ ይበላሉ። ጠዋት ይሁን ማታ፣ ውጭው ይጨልም ይንጋ አያስጨንቃቸውም። መምህሩ መርፌዎቹን በሦስት ትንንሽ ፌስታል ለያይቶ በየላዩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መስመር አሰመረ። የሚወጉት መጠን የጠዋቱና የማታው ስለሚለያይ ነው። ቢሮ ውስጥ ፌስታሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ እያንዳንዱን እየነኩ ቦሌ፣ ሰማይ፣ ልጄ ቤት እያሉ ተለማመዱ። በዚያን ጊዜ እንደሚወጡት ገባኝ።

ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ እንዲሆን አደረግን። ከሻንጣ ጋር ከገባ የጭነት ክፍሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ኢንሱሊን ደግሞ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። ሻንጣ ቢጠፋስ የሚለውም አለ። ዳቦ ቆሎ፣ ቴምርና ስኳር አብሮ ተያዘ። ምግብ ዘግይቶ ስኳራቸው ቢወርድ እጃቸው ላይ የሆነ ነገር መኖር አለበት። ዊልቸርም ጠየቅንላቸው። መራመድ ይችላሉ፤ ግን ዊልቸር የሚገፋው ሠራተኛ በር ከበር ያደርሳቸዋል፣ ፎርም ላይም ይረዳቸዋል። የስኳር ሕመምተኛ ምግብም አዘዝን፤ እንዲህ ያለ ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለበት።

መምህሩ የከፍታው ነገር አሳስቦት ነበር። እዚህ ላይ ልቡን ያሳረፍኩት በደስታ ነው። አውሮፕላኑ ቦይንግ 787 ነበር። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። ይህ የባሕር ዳር ከፍታ ነው። ለእሳቸው እንደ አገራቸው አየር ነው።

የመጨረሻው ውሳኔ የባሕር ዳሩ በረራ ሰዓት ነበር። ቤተሰቡ እናት ቦሌ ላይ ብዙ እንዳይቀመጡ ብሎ የማታውን በረራ ፈለገ። እኔ የቀኑን፣ ከቀኑ 6፡30 የሚነሳውን ያዝኩላቸው። ቦሌ ላይ ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥ ይደክማል፤ እውነት ነው። ግን ማታ የሚነሳው በረራ ትንሽ ከዘገየ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ጉዞው

ከፍኖተ ሰላም አንድ ቀን ቀድመው ጠዋት 2 ሰዓት ወጡ፤ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየ። ቦሌ የገቡት ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነው። ያም ሆኖ ለሚቀጥለው በረራ ከስድስት ሰዓት በላይ ቀራቸው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው በልተው የመጀመሪያውን ፌስታል ተጠቀሙ። የማታውን በረራ ይዘን ቢሆንና እሱ በዚያው መጠን ቢዘገይ ኖሮ የዋሽንግተኑ ሲዘጋ ነበር የሚደርሱት።

ሎሜ በደህና አረፉ። ከሎሜ ከተነሱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ትንሹ ቀስት 1 ላይ ደረሰ። ምግብም የመጣው በዚያው አካባቢ ነው። ሁለተኛው ፌስታል። ዋሽንግተን በሰዓቱ አረፉ፤ ዊልቸር የሚገፋው ሰው ኢሚግሬሽን ድረስ አብሯቸው ነበር። ልጃቸው ቤት የገቡት በእጃቸው ሰዓት ከማታው 12 ተኩል ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ሦስተኛውን ተወጉ። ልጅቷ ቤት ውስጥ የረፋድ ፀሐይ ነበር፤ እዚያ ከጠዋቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው።

ከቤት እስከ ቤት 58 ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚህ ውስጥ አየር ላይ የነበሩት 17 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ያልሠሩ ነገሮች

መምህሩ ለመጠባበቂያ ብሎ ስልካቸው ላይ ለጠዋት 1 ሰዓት አላርም ሞልቶ ነበር። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ሎሜ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ሰዓቱን በራሱ ወደ ቶጎ ቀየረው። ቶጎ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነች። አላርሙ የጮኸው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ላይ ነው። እናት በዚያን ጊዜ ተወግተው፣ በልተው፣ ተኝተው ነበር። በስልኩ ብቻ ተማምነን ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰዓት ያልፋቸው ነበር።

ያዘዝነው ምግብ እስከ ሎሜ ባለው በረራ መጣ፤ ከሎሜ በኋላ አልመጣም። ከመደበኛው ምግብ ጣፋጩን ትተው፣ ሌላውን በዳቦ ቆሎ እየደገፉ በሉ።

እግራቸው አብጦ ነው የወረዱት። ተነስተው እንዲራመዱ ነግረናቸው ነበር። የያዝንላቸው ወንበር ግን መስኮት ጋ ነበር፤ አጠገባቸው የተኙትን ሰዎች መቀስቀስ አሳፈራቸው። አገሩን በመስኮት ማየቱ ለባሕር ዳሩ በረራ በቂ ነበር። ረጅሙ ላይ መተላለፊያው ጋ ያለ ወንበር ይሻላቸው ነበር።

ለሌላ መንገደኛ የሚጠቅመው

መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ካለ በድረ ገጽ ላይ ከምታዩት ሰዓት አትነሱ። ትኬቱ ላይ «ጠቅላላ የጉዞ ጊዜ» የሚለውን ፈልጉ። ካልተጻፈ ቆራጩን ጠይቁ፤ ወይም መነሻውንም መድረሻውንም ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ቀይራችሁ ቀንሱ። ማረፊያ ካለ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚነሳም ያዙ፤ ምግብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከመነሳት በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው።

ቀኑንም አጣሩ። ትኬት ላይ ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ 15 ቀን 01፡30 ካለ በረራው 14 ማታ አምሽታችሁ የምትሄዱበት፣ ከሌሊቱ 7፡30 የሚነሳው ነው። በ15 ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ኤርፖርት የሚሄዱ ሰዎች አሁንም አሉ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ያለፈው ማለት ነው።

ከጎጃም ተነስቶ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የአገር ውስጡንና የውጩን በረራ በአንድ ትኬት ቢይዝ ይሻለዋል። ለየብቻ ሲገዙት አንዳንዴ ይረክሳል። ግን የመጀመሪያው ሲዘገይ የሁለተኛው ኪሳራ የእናንተ ነው።

የእኒህ እናት መመለሻ ሰኔ ላይ ነው። ትኬቱ ከዋሽንግተን 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡00 አዲስ አበባ ይገባል ይላል። ቀንሶ ላየው 20 ሰዓት ይመስላል። በዚያን ጊዜ ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነ በእውነት 13 ነው፣ ቀጥታ። እሳቸው እስከዚያ ወደ አሜሪካ ሰዓት ዞረዋል፤ ስለዚህ ለጥር ወሩ ጉዞ የተዘጋጀው ወረቀት አይሠራም። መምህሩ አዲሱን ሰንጠረዥ ሠርቶ ለልጅቷ ልኮላታል፤ እዚያ ያለው ሐኪም አይቶ እንዲያስተካክለው።